ማድረቂያው ዝም ሲል

«ዛሬ ወይ አንተ ወይ እኔ!» አለች ጭራሮ፣ ካቻቪቴውን እንደ ጦር ሰብቃ።

የምታናግረው ሰው አልነበረም። ከፊቷ የተገተረው የልብስ ማድረቂያ ማሽን ነው። ማሽኑ ሰሞኑን ጠባዩ ተበላሽቷል። ልብስ ሲገባበት መጀመሪያ ይንቋቋል፤ ትንሽ ቆይቶ እንደታነቀ ሰው ሲጥ ሲጥ ይላል፤ ሲሞቅለት ደግሞ ጆሮ የሚበጥስ ፉጨት ይለቃል። ታች ቤት የሚኖሩት ጡረተኛ አስተማሪ ትናንት በር አንኳኩተው «ልጄ፣ ይሄ ነገር ካልቆመ ለሕንፃው ኮሚቴ ላመለክት ነው። እኔም እኮ ጭንቅላት አለኝ» ብለዋታል። ሲናገሩ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር።

ኮሚቴው ማሽኑን አቁሙ ካለ ቤቱ በሙሉ ቆመ ማለት ነው። እናቷ የምታጥበው የራሳቸውን ልብስ ብቻ አይደለም። ከመንገዱ ማዶ ያለው የእንግዳ ማረፊያ አንሶላና ፎጣ በየቀኑ እየመጣ እዚህ ይታጠባል፣ እዚህ ይደርቃል፣ እዚህ ይተኮሳል። አባቷ ከሞተ ወዲህ ጉሮሯቸውን የሚደፍኑት በዚህ ሥራ ነው። ዝናቡ ጠዋት ማታ ሳይል በሚወርድበት በዚህ ወቅት ደግሞ ልብስ ውጭ ማስጣት የማይታሰብ ነው።

ጭራሮ የተባለችው በቅጥነቷ ነው። ስሙን ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ሲሆን፣ መጀመሪያ ሰሞን አልቅሳበታለች፤ አሁን ግን በሌላ ስም ቢጠሯት ዞር ብላም አታይ። ወንድሟም ቅጽል ስም አለው። «ኢንጂነሩ» ይባላል። ይህን ስም የሰጠችው እናታቸው ናት፤ የሰጠችውም በዚሁ ማሽን ሰበብ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ማሽኑ በድንገት ቀጥ ብሎ ሲቆም፣ እናታቸው ራሷን ይዛ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ወንድሟ በሩን ዘግቶ ብቻውን ሲታገል ከሰዓቱን ዋለና ላቡን እየጠረገ ወጥቶ «ተጫኚው» አላት። ተጫነችው፤ ተነሳ።

ከዚያ በኋላ እናታቸው ለማን ያላወራችው አለ! ለጎረቤቱ፣ ለባለሱቁ፣ ለጥበቃው፣ መንገድ ላይ ላገኘችው ሁሉ «ልጄ እኮ ባለሙያ ሳይጠራ፣ በገዛ እጁ…» እያለች ስታወራ ከረመች። ወሬው እንግዳ ማረፊያው ድረስ ዘልቆ፣ ኃላፊዋ «እንዲህ ያለውን ልጅማ ለእኛ አምጪልን» አለቻት። ይኸው ሰኞ በጥገና ክፍሉ ውስጥ በተለማማጅነት ሊጀምር ነው።

ይሄ ኢንጂነር ግን የጩኸቱ ነገር ሲነሳ ወሬ ይቀይራል። «እሺ አየዋለሁ» ይላል። «ነገ» ይላል። ሲበዛበት ደግሞ «ብቻ እንዳትነኩት፣ ታባብሱታላችሁ» ብሎ ይወጣል። ጭራሮ ነገሩ አልጥም ቢላትም፣ የሰኞው ሥራ አሳስቦት ነው ብላ ተወችው። ስለዚህ ራሷ ስለ ማድረቂያ አጠጋገን ቪዲዮ አየች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ጎራ ብላ፣ በስልኳ ያነሳችውን የማሽኑን ፎቶ አሳይታ፣ ሁለት ትንንሽ ጎማዎች ገዝታ መጣች። ዛሬ ቅዳሜ ነው። እናቷ ትንሿን ሚጣን ይዛ የደረቀውን አንሶላ ልታደርስ ሄዳለች፤ ወንድሟ ለሰኞ የሚጫማውን ጫማ ሊያስጠግን ወጥቷል። ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም።

ማሽኖቹ ያሉባት ክፍል ጠባብ ናት። በአንድ በኩል ማጠቢያው፣ በሌላ በኩል ማድረቂያው፣ መሃል ላይ የፎጣ ክምር፣ ጥግ ላይ ደግሞ የሚጣ ፍራሽ አለ። ሚጣ ገና አፏን በደንብ ያልፈታች ታናሽ እህቷ ናት። ክፍሏ ስለምትሞቅ የቀን እንቅልፏን የምትተኛው እዚያ ነው።

ጭራሮ መጀመሪያ ሶኬቱን ነቀለች። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ ይህን እስኪሰለች ደጋግሞ ተናግሯል። ቀጥላ የላይኛውን ክዳን ብሎኖች ፈታች። አንዱ ዝጎ ኖሮ እንቢ አላት። ዘይት አንጠባጠበችበት፣ ሰደበችው፣ ተለማመጠችው፤ በመጨረሻ ቀጭ ብሎ ተፈታ። የፊቱን ቆርቆሮ አንስታ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። ሆዱ ተከፍቶ ሲታይ ማሽኑ የፈራችውን ያህል አያስፈራም። ልብሱ የሚዞርበት አንድ ትልቅ በርሜል፣ በርሜሉን የምታሽከረክር ቺንጋ የሚሏት ቀጭን ረጅም የላስቲክ ቀበቶ፣ ከስር ደግሞ በርሜሉ የሚንከባለልባቸው ትንንሽ ጎማዎች። በቃ።

ቺንጋውን ከሞተሩ ላይ አላቃ በርሜሉን እንደ ሕፃን አቅፋ አወጣችው። የበሽታው ምንጭ ከስር ተጋድሞ ጠበቃት። በስተግራ ያለው ጎማ ላስቲኩ ተበልቶ ብረቱ ወጥቷል፤ ወገቡ ላይ ክርና ፀጉር ተጠምጥሞበታል።

«አንተ ነህ ለካ ጎረቤት የምታስቀይመኝ!» አለችው።

አሮጌዎቹን አውጥታ አዲሶቹን አስገባች። በጣቷ ስትገፋቸው ያለ ምንም ድምፅ ሽር አሉ። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

እዚያ ላይ ዘግታው ቢሆን ቀኑ የደስታ ቀን ሆኖ ይውል ነበር። ግን ከተከፈተ አይቀር ላፅዳው አለች። ከማሽኑ ጀርባ ሙቅ አየር የሚወጣበት ቱቦ ግድግዳው ላይ ተጨፍልቋል፤ ውስጡ እንደ ጥጥ በታመቀ የጨርቅ ብናኝ ታፍኗል። በእፍኟ እየዛቀች ከረጢት ሞላች። ከዚያ ክንዷን ወደ ማሞቂያው ሰደደች። ሌላ ሰው ቢሆን እጁ አያልፍም፤ ቅጥነቷ የጠቀማት ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ከዚያ ያወጣችው ብናኝ ግን እንደ ሌላው ግራጫ አልነበረም። ቡናማ ነበር። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ጭስ ጭስ ይላል።

የስልኳን መብራት አብርታ አጎንብሳ አየች። ማሞቂያው አጠገብ የጣት ጥፍር የምታህል ነጭ ነገር ተሰክታለች። ወደ እሷ መግባት የነበረባቸው ሁለት የኤሌክትሪክ ገመዶች ግን ወደ እሷ አልገቡም። ተነቅለው፣ በአንዲት አጭር ሽቦ እርስ በርስ ተገናኝተው፣ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልለዋል። ፕላስተሩ ከሙቀት ብዛት ቀልጦ እንደ ሬንጅ ወርዷል።

ነጯን ነገር ወዲያው አወቀቻት። ቪዲዮው ላይ አይታታለች፤ የእነሱ ችግር ጩኸት ብቻ ስለሆነ ነበር ያለፈችው። ፊውዝ ናት። ማሽኑ ከልክ በላይ ሲግል ራሷን አቃጥላ ኤሌክትሪኩን ትቆርጣለች። «ከተቃጠለች በአዲስ ቀይሯት» ብሏል ሰውዬው፤ «በሽቦ አገናኝታችሁ ያለፋችኋት ቀን ግን ማሽኑን የሚያስቆመው ነገር የለም። ቤታችሁን ለእሳት ሰጣችሁት ማለት ነው።»

ጥቁሩንም ፕላስተር ታውቀዋለች። ወንድሟ የብስክሌቱን መሪ የጠቀለለበት ነው።

ሳታስበው ዞር ብላ የሚጣን ፍራሽ አየች።

«ማን ንኪው አለሽ?»

ወንድሟ በሩ ላይ ቆሟል። የተጠገነው ጫማ በፌስታል እጁ ላይ ተንጠልጥሏል። የተበተነውን ማሽን፣ ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ቆርቆሮ፣ ከዚያ የእሷን ፊት አየ። የእሷን ፊት ሲያይ ድምፁ ወረደ።

«እኔ እሠራዋለሁ አላልኩም?»

«ይሄ ምንድን ነው?» አለችው በመብራቱ እያሳየች።

«የቱ?»

«እያወቅህ አትጠይቀኝ።»

«እሱማ… እሱ ምንም አይደለም። አታካብጂ። ስንት ወር ሙሉ ሠራ፣ ምን ሆነ?»

ቡናማውን ብናኝ በመዳፏ ዘረጋችለት። «አሽትተው።»

አላሸተተውም። ማሽተት አላስፈለገውም። የፍራሹ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለና ፌስታሉን እግሮቹ መሃል አስቀመጠ። የፌስታሉን እጀታ ሲቋጥርና ሲፈታ ቆየ።

«ለጊዜው ብዬ ነበር፣ ሙች! ፊውዟ በትእዛዝ ነው የምትመጣው አሉኝ። እስክትመጣ ብዬ አገናኘሁት። ከዚያ እማዬ ተጫነችውና ተነሳላት። አይተሻታል እኮ፤ አለቀሰች፣ አቀፈችኝ። አባዬ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አይተሻት ታውቂያለሽ? እንዴት ብዬ ነው ‹አልጠገንኩትም› የምላት?»

«ፊውዟስ? አልመጣችም?»

«ሄጄ አልጠየቅኩም።» ድምፁ ጉድጓድ የገባ መሰለ። «እነግራታለሁ ስል ለሰው ሁሉ አወራች። ከዚያ የሥራው ነገር መጣ። ከዚያማ በቃ፣ ማሽኑን ዓይኑን ማየት ጠላሁ።»

«ዛሬውኑ ንገራት።»

«እሺ እነግራታለሁ። ከሰኞ በኋላ ግን። ሰኞ ሥራ ልጀምር፣ ከዚያ ፊውዟን አዝዤ ራሴ እቀይራታለሁ፤ ማንም ሳያውቅ ያልቃል። ቱቦውንም አንቺ አፅድተሽዋል፣ ከእንግዲህ አይግልም። ጭራሮዬ፣ በእናትሽ!»

«እናቴ ለአንተ ምንህ ናት?»

ፈገግ ሊል ሞክሮ አልሆነለትም።

«ጥገና ክፍል ልትገባ ነው እኮ» አለችው። «እዚያም በሽቦ እያገናኘህ ልትወጣ ነው?»

«ሙድ አትያዥብኝ። እኔ ራሴ ያልጨነቀኝ መሰለሽ? ጥገና ማለት እንደዚህ እንዳልሆነ ጠፍቶኝ ነው? ልማር ነው የምገባው። ዛሬ ከተሰማ ግን በሩም አይከፈትልኝም።»

ጭራሮ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አሰበች። ከተናገረች ማሽኑ ዛሬ ይቆማል፤ ፊውዟ መቼ እንደምትመጣ ማን ያውቃል? ማጠቢያው ውስጥ ሙሉ እርጥብ አንሶላ አለ። እንግዳ ማረፊያው ለማታ ይፈልገዋል። ካጣው ሥራውን ለሌላ ይሰጣል። ወንድሟም ሰኞን አያያትም። ካልተናገረች ደግሞ… ቱቦው ፀድቷል። ምናልባት እውነቱን ይሆናል። ምናልባት አይግል ይሆናል።

እሺም እንቢም አላለችም። ዝምታዋን እንደ እሺታ ቆጠረው፤ እሷም እንዲቆጥረው ተወችው።

አብረው ገጠሙት። እሱ በርሜሉን ደግፎ ያዘ፣ እሷ ቺንጋውን አጠለቀች፤ የተጨፈለቀውን ቱቦ አቃንተው ማሽኑን ከግድግዳው አራቁት። ሶኬቱን ሰክተው ሲጫኑት አንድም የሚንቋቋ ነገር አልነበረም። እንደጠገበች ድመት ለስለስ ብሎ ብቻ አንኮራፋ። ሁለቱም ተያዩ። ሌላ ቀን ቢሆን ይጨፍሩ ነበር።

እናታቸው ሚጣን አቅፋ፣ ጃንጥላዋ እያንጠባጠበ ገባች። ወዲያው እርጥቡን አንሶላ ወደ ማድረቂያው ዘርግፋ ቁልፉን ተጫነችና ደንግጣ ቆመች።

«ምነው ዝም አለ? ሞተ እንዴ?»

«እየሠራ ነው፣ እማዬ» አለ ወንድሟ ቶሎ ብሎ።

ጆሮዋን ክዳኑ ላይ ለጥፋ አዳመጠች። ፊቷ እንደ መብራት ቦግ አለ። «የኔ ኢንጂነር! ሠራኸው?»

«እኔ አይደለሁም። ጭራሮ ናት።»

ይህን ሲል አልዋሸም፤ ምስጋናውንም አልነጠቃትም። እናቷ ወደ እሷ ዞራ በእርጥብ እጇ ጥምጥም አለችባት። «ሁለት ኢንጂነር ነው ለካ የወለድኩት! አባታችሁ ባየ! እንዲህ ናቸው ልጆቼ፣ እንዲህ!» እያለች አናቷን ደጋግማ ሳመቻት። ከታች ቤት መስኮት የጡረተኛው አስተማሪ ድምፅ «ተባረኩ! ዛሬ ገና ጋዜጣዬን አነበብኩ!» ሲል ተሰማ። እናቷ ሳቀች፤ ከልቧ ሳቀች።

ጭራሮ እቅፉ ውስጥ ሆና ልትነግራት ፈልጋ፣ ፊቷን እናቷ ደረት ላይ ቀበረች። የእናቷ ልብ ጉንጯ ላይ ሲመታ ይሰማታል። ወንድሟ ያን ቀን ለምን ዝም እንዳለ በዚያች ቅጽበት ገባት፤ ስለገባት ደግሞ ይበልጥ ጨነቃት።

እናቷ ሚጣን ፍራሿ ላይ አስተኝታ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ የቀረውን ፎጣ ልትተኩስ ወደ ሳሎን ሄደች።

ጭራሮ የጂኦግራፊ መጽሐፏን ይዛ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠች። ስለ ወንዞች የሚያወራ አንድ አንቀጽ አነበበች። መልሳ አነበበችው። ማሽኑ ሲጮህ ቢያንስ ምን ላይ እንዳለ ይታወቅ ነበር። አሁን ምንም አይሰማም። ተነስታ ገባችና ክዳኑን ዳሰሰችው። ሞቅ ብሏል። ተመልሳ ተቀመጠች። ስለ ወንዞቹ እንደገና አነበበች። ተነስታ ገባች። አሁንም ሞቅ ብሏል፤ ወይስ ከቅድሙ ጨምሯል? ይህ ሙቀት የጤና ይሁን የበሽታ አላወቀችም። ይህን የምታውቀው ያቺ ነጭ ፊውዝ ብቻ ነበረች፤ እሷን ደግሞ ከሥራ አስወጥተዋታል።

ወደ ኮሪደሩ ልትመለስ ስትል ሚጣን አየቻት። በእንቅልፍ ልቧ ተንከባላ ወደ ማሽኑ ቀርባለች። አንድ እግሯን ቆርቆሮው ላይ አስደግፋ፣ ሙቀቱ ተመችቷት፣ አፏን ከፍታ ተኝታለች።

ጭራሮ ቁጭ ብላ የሚጣን እግር ቀስ አድርጋ አነሳችና መለሰችው። ከዚያ እጇን ከማሽኑ ኋላ ሰዳ ሶኬቱን ነቀለችው። በርሜሉ ጥቂት ዞረ፤ እርጥቡ አንሶላ ዱብ ብሎ ወደቀና ሁሉም ነገር ቆመ።

ካቻቪቴውን አንስታ የመጀመሪያውን ብሎን መፍታት ጀመረች። ብሎኑ ዘይት ስለጠጣ አላስቸገራትም።

«ደግሞ ምን ሆነ?» እናቷ የሚተኮስ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ በሩ ላይ ቆማለች። «ተጠገነ አላላችሁኝም?»

ጭራሮ ቀና ብላ አየቻት።

«እኔ የጠገንኩት ጩኸቱን ነው፣ እማዬ።»

እናቷ አልገባትም። ከኋላዋ ወንድሟ መጣ፤ ጫማውን ሲያፀዳ ነበር፣ ብሩሹ እጁ ላይ ቀርቷል። የተነቀለውን ሶኬት ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። ጭራሮ በዓይኗ አልወቀሰችውም፤ ስሙንም አልጠራችም። ወለሉ ላይ ጠጋ ብላ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችለት። ካቻቪቴውን ባዶው ቦታ ላይ አስቀመጠችው። እሱ ካልመጣ ራሷ እንደምትናገር ወስናለች፤ ግን ትንሽ ትጠብቀዋለች።

«ልጆች፣ ምንድን ነው? ለምን አትናገሩም?» አለች እናታቸው፣ አንዴ ወደ አንዱ አንዴ ወደ ሌላው እያየች።

ወንድሟ ብሩሹን ማጠቢያው ላይ አስቀመጠ። ገብቶ በጭራሮ ጎን ተንበረከከ።

«እማዬ» አለ፤ «መጀመሪያ ሚጣን ከዚህ አንሻት። ከዚያ ነይና እኔ የሠራሁትን ላሳይሽ።»

እናታቸው ፊቱን ለአፍታ አየችው። ከዚያ ሚጣን ከነብርድ ልብሷ አነሳቻት። ወንድሟ የቀሩትን ብሎኖች መፍታት ጀመረ፤ ጭራሮም አንድ በአንድ እየተቀበለች መዳፏ ውስጥ ታኖርለት ጀመር።